ፀሐይ ከጠለቀች በኋላም የሚንጫጫው ሬዲዮ

ጥያቄ፦ የምኖረው ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ነው። መብራት እየጠፋ ስላስቸገረን ጣራችን ላይ አራት የሶላር ፓነል አስገጠምን። ፓነሎቹ ሁለት ሁለት ሆነው በተከታታይ ተያይዘዋል፤ ባለ 24 ቮልት ባትሪ፣ ባትሪውን የሚሞላ ቻርጅ ኮንትሮለርና የባትሪውን ኃይል ወደ ቤት መብራት የሚለውጥ ኢንቨርተር አለው። ቤቱ ከመብራት ችግር ተገላገለ፤ የአባቴ ሬዲዮ ግን ከዚያ ጀምሮ ሰላም አጣ። ከምሽቱ 1 ሰዓት በአጭር ሞገድ የጀርመን ድምፅን ሲከፍቱ እዝዝ የሚል ወፍራም ድምፅ ጣቢያውን ይውጠዋል። ቀን ደግሞ ሌላ ዓይነት ቀጭን ፉጨት አለ፤ ደመና ሲያልፍ ይለዋወጣል። ኤፍ ኤም ምንም አልሆነም። የሸጠልን ሰው ሬዲዮው አርጅቶ ነው ብሎናል። አንድ ዘመዳችን ፓነሉ ከጣራ ይውረድ ይላሉ። ጎረቤታችንም የእኔንም ሬዲዮ ረበሻችሁብኝ ማለት ጀምሯል። ባለቤቴ ነፍሰ ጡር ስለሆነች ጨረሩም ያሳስበኛል። ምን ባደርግ ይሻላል?

ምላሽ፦ በድሬ ልማድ አንተ ልበልህና ከፍርዱ ልጀምር። ፓነሉን አታውርድ፤ የአባትህንም ሬዲዮ አትጣል። የመልሱን ግማሽ ራስህ ጽፈኸዋል። ድሬዳዋ ላይ ዓመቱን ሙሉ ፀሐይ የምትጠልቀው ከምሽቱ 1 ሰዓት በፊት ነው። አባትህ ጣቢያቸውን በሚከፍቱበት ሰዓት ፓነሉ ምንም አያመነጭም፤ ቻርጅ ኮንትሮለሩም ከጣራ የሚቀበለው ስለሌለ ሥራውን አቁሟል። ስለዚህ የምሽቱ ድምፅ ከሌላ ቦታ ነው የሚመጣው። የቀኑ ፉጨትና የምሽቱ እዝዝታ ምንጫቸው ለየቅል ነው፤ መድኃኒታቸውም እንደዚሁ። ዘመዳችሁ እንዳሉት ፓነሉ ቢወርድ የቀኑ ፉጨት ይጠፋል፣ የምሽቱ ግን እንዳለ ይቀጥላል፤ አባትህን ያስመረራቸው ደግሞ የምሽቱ ነው።

ፓነል በራሱ ዝምተኛ ዕቃ ነው። ብርሃን ሲያርፍበት ቀጥተኛ ጅረት ይሰጣል፤ የማይወዛወዝ ጅረት የሬዲዮ ሞገድ አይወልድም። ጣጣው የሚጀምረው ያንን ጅረት ለባትሪው ወደሚስማማ ቮልት መለወጥ ሲያስፈልግ ነው። በቻርጅ ኮንትሮለሩ ውስጥ ያሉት ትራንዚስተሮች ጅረቱን በሰከንድ በአሥር ሺዎች ለሚቆጠር ጊዜ ይከፍቱታል፣ ይዘጉታል፤ ከ20 እስከ 100 ኪሎ ኸርዝ የተለመደ ነው። ኃይል በሙቀት እንዳይባክን እያንዳንዱ መክፈትና መዝጋት በናኖ ሰከንዶች ውስጥ ማለቅ አለበት። እንዲህ ያለ ድንገተኛ ለውጥ ደግሞ ብዜቶቹን አስከትሎ ነው የሚመጣው። በ50 ኪሎ ኸርዝ የሚሠራ ኮንትሮለር በ100፣ በ150፣ በ200 እያለ ወደ ላይ ይረጫል፤ 190ኛው ብዜት 9,500 ኪሎ ኸርዝ ላይ፣ የአጭር ሞገድ ጣቢያዎች በሚበዙበት በ31 ሜትር ባንድ መካከል ያርፋል። ጥሩ አምራች ይህን እዚያው ሳጥኑ ውስጥ የሚያፍን ማጣሪያ ያስገባል። ዋጋ ለመቀነስ የሚሮጥ አምራች መጀመሪያ የሚያወጣው ያንኑ ማጣሪያ ነው፤ ቢጎድልም መሣሪያው ባትሪውን ከመሙላት ስለማይቀር ገዢው አያውቅም።

ሳጥኑ ትንሽ ስለሆነ ለብቻው ቢቀር ጫጫታው ከክፍሉ ብዙም አይወጣም ነበር። ወደ ሰማይ የሚያወጣው ከሳጥኑ እስከ ጣራ የተዘረጋው ሽቦ ነው። በ7 ሜጋ ኸርዝ የአንድ ሞገድ ርዝመት 43 ሜትር ያህል ነው፤ ሩቡ 10 ሜትር ከምናምን ይሆናል። ከጣራ ተነስቶ በግድግዳ ወርዶ ኮንትሮለሩ ድረስ የሚመጣውን ሽቦ ብትለካው ከዚህ ብዙ የሚርቅ አይመስለኝም። ይህ ማለት ሳታስበው ጣራህ ላይ የማሰራጫ አንቴና ተክለሃል። በተለይ ገጣሚው ፖዘቲቩን በአንዱ የጣራ ጠርዝ፣ ኔጋቲቩን በሌላው አሳልፎት ከሆነ በመካከላቸው የታቀፈው ቦታ ሁሉ ሞገድ ይረጫል።

ኤፍ ኤም ያልተነካው ሬዲዮው ጤነኛ ስለሆነ ብቻ አይደለም። የኤፍ ኤም ጣቢያዎች ከ87.5 እስከ 108 ሜጋ ኸርዝ ነው የሚቀመጡት፤ ብዜቶቹ እዚያ እስኪደርሱ አብዛኛውን ጉልበታቸውን ጨርሰዋል። በዚያ ላይ የኤፍ ኤም ተቀባይ መልእክቱን የሚያነበው ከሞገዱ ድግግሞሽ መለዋወጥ እንጂ ከከፍታው ስላልሆነ በከፍታ ላይ የተጫነውን ጫጫታ ቆርጦ ይጥለዋል። አጭር ሞገድና መካከለኛ ሞገድ ግን የሚነበቡት በከፍታቸው ነው፤ የገባውን ሁሉ ያሰሙሃል።

አሁን ወደ ምርመራው። አንድ ሳንቲም ሳታወጣ ጥፋተኛውን መለየት ትችላለህ፤ ሳትለይ ምንም ዕቃ አትግዛ። ሬዲዮውን ከሶኬት ንቀልና በባትሪ ድንጋይ አሠራው። ጣቢያ ላይ ሳይሆን ከጣቢያው አጠገብ ባዶ ቦታ ላይ አቁመው፤ ጫጫታው ጎልቶ የሚሰማው እዚያ ነው። ምሽት 1 ሰዓት ላይ ኢንቨርተሩን በራሱ ማጥፊያ አጥፋ። እዝዝታው ወዲያው ከጠፋ ምንጩ ወይ ኢንቨርተሩ ነው፣ ወይ ከእሱ ኃይል የሚወስድ ዕቃ ነው። ቀጥለህ በማከፋፈያው ሳጥን ያሉትን ብሬከሮች ሁሉ ዝጋና ኢንቨርተሩን ባዶውን አብራው። ባዶውንም ሲያጉረመርም ከተሰማህ ኢንቨርተሩን ያዝኸው። ዝም ካለ መብራቶቹንና ቻርጀሮቹን አንድ በአንድ እየሰካህ አዳምጥ።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይገረማል። ከአሥር አምፖል መካከል አንዱ ብቻ ሰፈሩን የሚያናጋበት ጊዜ አለ። ርካሽ የኤልኢዲ አምፖል ነጩን ክዳን ከፍተህ ብታይ ከብርሃን ሰጪዎቹ ሰሌዳ ሥር ከአውራ ጣት ጥፍር ብዙም የማይበልጥ ሌላ ሰሌዳ ታገኛለህ። በላዩ ለማጣሪያ መጠምጠሚያ የተተወ ቦታ በነጭ ቀለም ተሥሎ፣ በውስጡ ግን መጠምጠሚያው ሳይሆን አንዲት ቁራጭ ሽቦ ተበይዳ ትገኛለች። ንድፉን የሠራው መሐንዲስ ማጣሪያ እንደሚያስፈልግ ያውቅ ነበር፤ ያስቀረው ሒሳብ የሠራው ሰው ነው። እንዲህ ያለውን አምፖል መጠገን አያዋጣም፤ አባትህ ከሚቀመጡበት ክፍልና ከአጠገቡ አውጥተህ በሌላ ሠሪ አምፖል ለውጠው።

የቀኑን ፉጨት ደግሞ በጠራራ ፀሐይ ፈትን። በፓነሉና በኮንትሮለሩ መካከል ያለውን የቀጥተኛ ጅረት ብሬከር ዝጋ፤ ፉጨቱ አብሮ ከጠፋ ኮንትሮለሩ ነው። እዚህ ላይ ጠንከር አድርጌ የምነግርህ ነገር አለ። ብሬከር ካላስገጠሙልህ የፓነሉን ማያያዣ በፀሐይ ሰዓት በእጅህ አትንቀል። ሁለት ፓነል በተከታታይ ሲያያዝ ወደ 90 ቮልት ይደርሳል። የሶኬት መብራት በሰከንድ 100 ጊዜ ዜሮን ስለሚያቋርጥ ብልጭታው ራሱ ይጠፋል፤ ቀጥተኛ ጅረት ግን ዜሮ ስለማይነካ አንዴ የተነሳ ብልጭታ ማያያዣውን እያቀለጠ ይቀጥላል። ኮንትሮለሩን ለማውጣት ስትፈልግም ቅደም ተከተሉን ጠብቅ፦ መጀመሪያ ፓነሉ ይለያያል፣ ባትሪው በኋላ። ብዙ ኮንትሮለር የሚቃጠለው ባትሪው ቀድሞ ተነቅሎ የፓነሉ ቮልት ባዶ ሳጥን ላይ ሲወርድ ነው።

ጉጉት ካለህ ሌላም ማወቅ ትችላለህ። የሬዲዮውን ቁጥር ቀስ እያልህ ስታሽከረክር ፉጨቱ እየጠፋ እየመጣ ይሄዳል። ከአንዱ ጉብታ እስከሚቀጥለው ያለውን ርቀት በኪሎ ኸርዝ አንብብ፤ 50 ከሆነ ኮንትሮለርህ በ50 ኪሎ ኸርዝ ይሠራል ማለት ነው። ደመና ሲያልፍ የሚለዋወጠውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ኮንትሮለሩ ከፓነሉ ከፍተኛውን ኃይል ለማውጣት የመክፈትና የመዝጋት አኳኋኑን በየቅጽበቱ ያስተካክላል።

ሻጩ ስለ ሬዲዮው ዕድሜ ላለው ደግሞ ክርክር አያስፈልግም። ክረምት ካልሆነ ሬዲዮውን ይዘህ ወደ ደረቁ የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ውረድ፤ ከሽቦና ከቤት ራቅ ብለህ በዚያው ሰዓት ጣቢያውን ክፈት። እዚያ ጠርቶ ከተሰማ ሬዲዮው ጤነኛ ነው። ከተቻለ ሻጩንም ይዘኸው ሂድ።

ወደ መፍትሔው ስንመጣ ከምሽቱ እንጀምር፤ የቸገረው እሱ ነውና። የገለጽኸው ወፍራም እዝዝታ «የተሻሻለ ሳይን» ተብሎ የሚሸጠውን ኢንቨርተር ያስጠረጥረኛል። ስሙ ያማረ ይሁን እንጂ የሚያወጣው ደረጃ ደረጃ ያለው አራት ማዕዘን ሞገድ ነው፤ እያንዳንዱ ደረጃ በሰከንድ መቶ ጊዜ እየተደጋገመ ጫጫታ ይረጫል። ንጹሕ ሳይን፣ ማለትም እንደ መንግሥት መብራት ለስላሳ ሞገድ በሚሰጥ ኢንቨርተር መለወጥ ትልቁ መፍትሔ ነው፣ ግን ውዱም እሱ ነው። ከዚያ በፊት ርካሹን ሞክር። ከባትሪ ወደ ኢንቨርተር የሚሄዱትን ሁለት ወፋፍራም ሽቦዎች በተቻለ መጠን አሳጥራቸውና አንድ ላይ አጣብቀህ እሰራቸው። ኢንቨርተሩን ከአባትህ ወንበር አርቀው፤ እንዲህ ካለ ትንሽ ምንጭ ቅርብ ላይ ያለው መግነጢሳዊ ጫና ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ወደ አንድ ስምንተኛ ስለሚወርድ ሁለትና ሦስት ሜትር ዋጋ አለው። በዚያ ሰዓት የመንግሥት መብራት ካለ ደግሞ ኢንቨርተሩን ለአንድ ሰዓት ማጥፋት ምን ይጎዳል? እኔ ብሆን ዛሬ ማታ የማደርገው እሱን ነው።

ለቀኑ ፉጨት ሥራው ሽቦው ላይ ነው። ጫጫታው በሽቦው ውስጥ በሁለት መንገድ ይጓዛል። አንደኛው በፖዘቲቩ ሄዶ በኔጋቲቩ ይመለሳል። ሁለተኛው በሁለቱም ሽቦዎች በአንድ አቅጣጫ አብሮ ሄዶ በቆርቆሮው፣ በመሬቱና በአየሩ በኩል ይመለሳል። የመጀመሪያውን ሁለቱን ሽቦዎች ከጣራ እስከ ሳጥን አንድ ላይ በመጎንጎን ትገድለዋለህ። ሁለተኛው በመጎንጎን አይሞትም፤ ለእሱ ፌራይት የሚባለው ጥቁር ቀለበት ያስፈልጋል።

ቀለበቱ የሚገባው ከኮንትሮለሩ የፓነል መግቢያ ጥግ ላይ ነው፤ ጣራ ላይ ቢገባ ሽቦው እስከዚያ ድረስ ረጭቶ ጨርሷል። ሁለቱም ሽቦ በአንድነት በአንድ ቀለበት ውስጥ ይለፉ። አንዱን ብቻ ካሳለፍህ አሥር አምፔር የሚያህል ቀጥተኛ ጅረት ቀለበቱን አጥግቦ ከንቱ ያደርገዋል፤ ሁለቱ አብረው ሲያልፉ ግን ሂያጁና ተመላሹ ጅረት ስለሚጣፋ ቀለበቱ የሚያየው ጫጫታውን ብቻ ነው። አንድ ጊዜ ማሳለፍ ብዙም አይረዳም። የሚያግደው መጠን በዙሩ ቁጥር ካሬ ስለሚያድግ አራት ዙር ከአንድ ዙር 16 እጥፍ ይበልጣል። ስድስት ወይም ሰባት ዙር ማስገባት የሚችል ሰፊ ቀለበት ፈልግ። የኢንቨርተሩ የ230 ቮልት መውጫም በዚሁ መንገድ ይታከማል፤ ፌዙና ኒውትራሉ በአንድ ላይ ይጠመጠማሉ፣ ኃይሉ ሙሉ በሙሉ ጠፍቶ።

ቀለበቱን ከየት ታመጣለህ? በአዲስ መልክ ሲሸጥ «31» ወይም «43» የሚል የቁስ ቁጥር ያለው ለአጭር ሞገድ ተስማሚ ነው። እዚያው ድሬ ታይዋን የሚባለው ገበያ ገብተህ በቁጥር ብትጠይቅ ግን ፊት ለፊትህ ይስቃሉ። ይልቅ ቴሌቪዥን ጠጋኝ ዘንድ ሂድና የድሮ ባለ ሆድ ቴሌቪዥን አንገት ላይ የሚጠለቀውን መጠምጠሚያ ጠይቅ። መዳቡን ለብቻ ይሸጡታል፤ ከሥሩ የሚቀረው ሰፊ ጥቁር ቀለበት ፌራይት ነው፣ እንደ ቆሻሻ ይጣላል። ለሁለት ተከፍሎ በብረት ቅንጥብ የተያዘ ስለሆነ ሽቦህን ሳትቆርጥ ጠምጥመህ መልሰህ ትገጥመዋለህ። ከኮምፒውተር ፓወር ሰፕላይ የሚወጣውን ቢጫና ነጭ ቀለም የተቀባውን ቀለበት ግን አትውሰድ፤ የብረት ዱቄት ነው፣ ለዚህ ሥራ አይሆንም።

የድሬ ሙቀት የራሱ ድርሻ አለው። ኢንቨርተርና ኮንትሮለር ውስጥ ያሉት ኤሌክትሮላይቲክ ካፓሲተሮች በፈሳሽ የሚሠሩ ናቸው፤ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሲጨምር ዕድሜያቸው በግምት በግማሽ ይቀንሳል። ሲደርቁ ጫጫታውን ማፈን ያቅታቸዋል፤ በተገጠመበት ወር ዝም ያለ መሣሪያ በሁለተኛው ዓመት መጮህ ይጀምራል። ከቆርቆሮው ሥር፣ ኮርኒስ ላይ ወይም ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በሚመታው በረንዳ ላይ ተሰቅሎ ከሆነ ጥላና ነፋስ ወዳለበት ግድግዳ አውርደው። ማቀዝቀዣው አቧራ ከጠጣም ጥረግለት።

አንዳንድ ገጣሚ ለዚህ ሁሉ «ምድር ሽቦ ይጨመርበት» ይላል። ምድር ሽቦ ለሰው ሕይወት ሲባል የግድ ነው፤ ለጫጫታ መድኃኒት አድርጎ መሸጥ ግን ስህተት ነው። አሸዋማና ደረቅ መሬት ላይ የተተከለ ዘንግ ጥሩ ግንኙነት አያገኝም፤ ቢያገኝም እስከ እሱ የሚሄደው ረጅም ሽቦ ለሬዲዮ ሞገድ ሌላ አንቴና ነው። የከተማውን ባቡርም የሚወቅሱ አጋጥመውኛል። የአዲስ አበባና የጂቡቲ መስመር በ25 ሺህ ቮልት የሚሠራ መሆኑ እውነት ነው፤ ጣቢያው ግን ከከተማ ወጣ ያለ ነው፣ ያንተ ፉጨት ደግሞ የሚመጣው ከደመና ጋር እንጂ ከባቡር ሰዓት ጋር አይደለም።

በሬዲዮው በኩልም የሚሠራ አለ። የቤቱ ጫጫታ የሚበረታው ግድግዳው ውስጥ ባሉት ሽቦዎች አጠገብ ነው። ሰባት ስምንት ሜትር ሽቦ ከቤቱ አርቀህ፣ ከፓነሉ ሽቦ ጋር ጎን ለጎን ሳይሆን በተቃራኒ አቅጣጫ ግቢው ውስጥ ዘርጋና ከዲሽ በምትጠቀምበት ዓይነት ሽፋን ባለው ገመድ ወደ ሬዲዮው አስገባ። ለመካከለኛ ሞገድ ሬዲዮውን ራሱን ማዞር ይበቃል፤ ውስጡ ያለው አንቴና አቅጣጫ ስለሚመርጥ ጫጫታው የሚሞትበት ጎን ታገኛለህ። በአጭር ሞገድ የሚሠራው የሚሳበው ዘንግ ስለሆነ ማዞር አይጠቅምም።

አንድ ምልክት ካየህ ግን ይህን ሁሉ ትተህ ሲስተሙን ዝጋ። ድምፁ ፉጨት ወይም እዝዝታ መሆኑ ቀርቶ የሚንጣጣ ከሆነ፣ ነፋስ ሲመታ የሚብስ ከሆነ፣ ኤፍ ኤም ላይም ከተሰማ፣ የላላ ማያያዣ ውስጥ ብልጭታ አለ ማለት ነው። ያ የሬዲዮ ጉዳይ አይደለም፤ እሳት ነው። ጀንበር ከጠለቀች በኋላ ባለሙያ እያንዳንዱን ማያያዣ ይፈትሽ፤ የጠቆረ ወይም የቀለጠ ካለ ይለወጥ።

ስለ ባለቤትህ አትጨነቅ። ሬዲዮ የሚሰማው የቮልትን ሚሊዮንኛ ክፍልፋዮች ነው፤ ሬዲዮን ማስቸገርና ሰውነትን መጉዳት እጅግ የተራራቁ ነገሮች ናቸው። ይህ እንደ ኤክስሬይ ያለ ጨረርም አይደለም። አሥር አምፔር የተሸከመ አንድ ሽቦ በአንድ ሜትር ርቀት የሚፈጥረው መግነጢሳዊ መጠን 2 ማይክሮ ቴስላ ነው፤ ምድር ራሷ በእኛ አካባቢ 35 ማይክሮ ቴስላ ገደማ ትሰጣለች። እንዲህ ላለው የማይወዛወዝ መግነጢስ ለሕዝብ የተቀመጠው ዓለም አቀፍ ወሰን ደግሞ 400 ሺህ ማይክሮ ቴስላ ነው። እኔ ለነፍሰ ጡር የምሰጋው ባትሪውን ነው። የእርሳስና የአሲድ ባትሪ ከሆነ ሲሞላ ሃይድሮጅን ይተነፍሳል፣ የአሲድ ጭጋግም ያወጣል፤ ከመኝታ ቤት ውጭ፣ አየር በሚዘዋወርበት ቦታ ይሁን።

የቀረው ጎረቤትህ ነው። እሱ የሚሰማው ካንተ ቤት የሚወጣው ለመሆኑ ማስረጃ የለም፤ የራሱም አምፖል ሊሆን ይችላል። ሬዲዮውን ይዞ ይምጣና ብሬከሮቹን አብራችሁ ዝጉ፤ የሱ ጫጫታ ካልጠፋ ምርመራውን በእሱ ቤት ቀጥሉ። የሬዲዮ ሞገድን የሚያስተዳድረው በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ስለሆነ ማመልከት መብቱ ነው፣ ግን በአንድ ቀለበት የሚያልቅ ነገር ነው። ወደፊት ኮንትሮለር ወይም ኢንቨርተር ስትለውጥ በ1934 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የተመሠረተው ሲስፕር የተባለው ዓለም አቀፍ ኮሚቴ ለመኖሪያ ቤት ያወጣውን የቢ ክፍል መስፈርት ማሟላቱ በመመሪያው ላይ መጻፉን ተመልከት፤ የኤ ክፍል ከሆነ ለፋብሪካ የታሰበ ነው። ሳጥኑ ላይ የታተመው የሲኢ ምልክት ብቻውን አያጠግብህ፤ አምራቹ ስለ ራሱ የሚሰጠው ቃል ነው። ከሁሉ የሚሻለው ሻጩን ኮንትሮለሩን ከፓነልና ከባትሪ ጋር አገናኝቶ በፀሐይ እንዲያሠራልህ መጠየቅና የአባትህን ሬዲዮ በአጭር ሞገድ አጠገቡ አድርጎ ማዳመጥ ነው። እምቢ ካለ ሌላ ሱቅ ሂድ።